አቦል የምትባል ፕላኔት

«ቡና የሚባል ኮከብ አለ» ስላት እማዬ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አንስታ ማቶቱ ላይ አስቀመጠችና «ስልክ ስትፈታታ ትውላለህ፤ ዛሬ ደግሞ የራስህን ጭንቅላት ፈታህ መሰለኝ» አለችኝ።

ታኅሣሥ ነበር። ጅማ ላይ ታኅሣሥ ማለት ቡና ነው። እሸቱ ይለቀማል፣ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ይገለበጣል። ከገጠር የሚመጣው መኪና ሁሉ ጆንያ ጭኗል። ያን ቀን አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋ። ያለ መብራት የስልክ መበየጃ ካውያ አይሞቅም፤ ሱቄን ዘግቼ ቤት ገባሁ። ግቢው ውስጥ የከሰሉ ፍምና ሰማዩ ብቻ ቀርተዋል። አራት ነበርን፦ እማዬ፣ 11 ዓመት የሆናት የእህቴ ልጅ፣ ጎረቤታችን ሐጂና እኔ።

«ኮከቡ ብቻ አይደለም» አልኳት። «የምትዞረው ፕላኔትም አለች። ስሟ አቦል ነው።»

አሁን ቀና አለች። «አቦል?»

«አቦል።»

«ቶናስ?»

«ቶና የለም። እስካሁን የታወቀችው አንዷ ብቻ ናት።»

«በአቦል ተነስቶ የሚሄድማ የተጣላ ሰው ነው» አለችና ስኒዎቹን መደርደር ጀመረች።

ነገሩ ግን እውነት ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብ ከነፕላኔቷ አደለ። ስም አውጡላቸው ተባለ። ከ100 በላይ አገሮች ተሳተፉ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ ኤችዲ 16175 ከሚል ቁጥር በቀር መጠሪያ አልነበረውም። ቡና ተባለ። ፕላኔቷ አቦል ተባለች። ስሞቹ ይፋ የሆኑት በታኅሣሥ 2012 ነው።

እኔ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ስክሪን ከቀየርኩ በኋላ መሥራቱን ለማየት ያገኘሁትን ገጽ ከፍቼ ከላይ እስከ ታች ማንሸራተት ልማዴ ነው። አንዳንዱ ገጽ ያስቀረኛል። ባለቤቱ «አለቀ?» ሲለኝ «ትንሽ ልሞክረው» እላለሁ። ስለ ጠፈር የማውቀውን ግማሽ ያህሉን ያወቅሁት በሰው ዳታ ነው፤ አላህም እግዜርም ይቅር ይበሉኝ።

ሐጂ ማና ላይ የቡና መሬት አላቸው። ከኮከቡ ይልቅ የገረማቸው ቁጥሩ ነው። «ስሙ ቁጥር ነበር ነው የምትለኝ?»

«እንደ 74110 ነዋ፣ ሐጂ» አልኳቸው። ሳቁ።

የቡና አገር ሰው ላልሆነ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. የቡናን ፍሬ ገና በእንጭጩ አጥቁሮ የሚያበላሽ በሽታ ኢትዮጵያ ገባ፤ ሲቢዲ ይሉታል። ተመራማሪዎች ጫካ ለጫካ ዞረው በሽታውን የቻለ የቡና ዛፍ ፈለጉ። የተገኙት ዝርያዎች እዚሁ ጅማ፣ መልኮ ባለው የምርምር ማዕከል ተፈተኑ። ስም የሰጣቸው የለም። 74 የተሰበሰቡበት ዓመት ነው፣ የቀረው ተራ ቁጥር ነው። ገበሬው እስከ ዛሬ በቁጥራቸው ይጠራቸዋል። ሐጂ ስለ 74110 ሲያወሩ ስለ አንድ ታታሪ ልጃቸው የሚያወሩ ነው የሚመስለው።

ኤችዲ 16175ም እንዲሁ ነው። ኤችዲ የሄንሪ ድሬፐር ስም ምሕፃር ነው። ድሬፐር በሙያው ሐኪም፣ በፍቅሩ ሰማይ ተመልካች የነበረ አሜሪካዊ ነው። ሲሞት ሚስቱ ሥራው እንዲቀጥል ለሃርቫርድ የምርምር ጣቢያ ገንዘብ ሰጠች። ሥራውን ዳር ያደረሰችው ግን አኒ ጃምፕ ካነን ናት። ጆሮዋ በደንብ አይሰማም ነበር። የከዋክብት ብርሃን የታተመበትን የመስታወት ሰሌዳ በማጉያ እያየች አንዱን ከአንዱ ለየች። እ.ኤ.አ. ከ1918 እስከ 1924 ዓ.ም. በታተመው መዝገብ ውስጥ 225,300 ከዋክብት አሉ። ይህን ሳነብ የመጡብኝ መጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው። ፍሬው ከፊታቸው ይፈሳል። እጃቸው ዓይናቸውን ቀድሞ ጥቁሩን ከደህናው ይለያል። ያ ልቅም ያለ ቡና ውጭ አገር ሲሸጥ የእነሱን ስም የሚያነሳ የለም። የካነን ስም እንኳን ተነስቷል።

ሐጂ በቀላሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም። «እሺ፣ ኮከቡስ ይታያል እንበል። ፕላኔቷን እንዴት አዩዋት? ኮከብን የምትዞር ነገር በኮከቡ ብርሃን ትዋጣለች እኮ።»

ትክክል ናቸው። አቦልን በዓይን ያያት የለም። የእህቴን ልጅ አስነሳሁና ሁለት እጆቿን ይዤ አሽከረከርኳት። «እሷ ትዞራለች፤ እኔስ?» አልኩ። «እርስዎ ዓይንዎ እኔ ላይ ነው እንበል። እሷ በጨለማ አትታይዎትም። ግን እኔ ወደ ኋላ ወደ ፊት ስል ያዩኛል። ያኔ የያዝኩት ነገር እንዳለ ያውቃሉ።» ከዋክብትም እንዲሁ ይወዛወዛሉ። ወደ እኛ ሲመጡ ብርሃናቸው በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቁ በጥቂቱ ወደ ቀይ ያደላል። ያንን ለዓመታት ለክተው ነው አቦልን እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ያወቋት። ከውዝዋዜው ክብደቷን ገመቱ፤ ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ ነው። አንድ ዙር ለመጨረስ ወደ 990 ቀን ይፈጅባታል። መንገዷም ክብ አይደለም፣ ሞላላ ነው። አንዴ ኮከቧን ትጠጋለች፣ አንዴ ትሸሻለች።

«ሰው ይኖርባታል?» አለች የእህቴ ልጅ። እንደ ጁፒተር ያለች ግዙፍ ናት፤ የሚረገጥ መሬት አይጠበቅባትም። «ታዲያ ቡና የት ይተከላል?» አለች እማዬ። መልስ አልነበረኝም።

ከሁሉ ያስደነገጠን ግን ርቀቱ ነው። ቡና የሚባለው ኮከብ ከእኛ 196 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ከዚያ እኛ ጋ ለመድረስ 196 ዓመት ገደማ ይወስድበታል ማለት ነው። ወደ ኋላ ቁጠሩ። ዛሬ ማታ የምናየው ብርሃን ከቤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1830 ዓ.ም. ግድም ነው። በዚያ ዘመን አባ ጅፋር የጅማን መንግሥት እያቋቋሙ ነበር። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ላይ የቆመው ዳግማዊ አባ ጅፋር አይደሉም፤ ቀዳማዊው ናቸው። ሐጂ ዝም አሉ። ቆይተው «ሞቲ አባ ጅፋር ሲነግሡ መንገድ ጀምሮ ዛሬ ገባ በለኛ» አሉ። እኔ እንደዚያ አሳምሬ አልናገረውም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ደስ አላቸው። ቡና በአማርኛም ቡና ነው፣ በአፋን ኦሮሞም ቡና ነው። ጅማ ውስጥ ሁለት ቋንቋ ሳይጣላበት የሚጠራ ስም ማግኘት ቀላል አይደለም።

እማዬ አቦሉን ቀድታ ስትጨርስ ወደ ራሷ ጉዳይ መለሰችን። «እዚያ ላይ ያሉት ሰዎች ቡና ይጠጣሉ?»

ይጠጣሉ። ታሪኩም ረጅም ነው። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ለዓመታት የተጠጣው ዱቄት ቡና ነው፤ በከረጢት ውስጥ ሙቅ ውሃ ተጨምሮበት በቀሰም ይመጠጣል። ይህን ስነግራት ፊቷን አጨማደደች። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ጣሊያኖች 20 ኪሎ የሚያህል የኤስፕሬሶ ማሽን ሠርተው ላኩ። በዚያው ዓመት ግንቦት ጣሊያናዊቷ ጠፈርተኛ ሳማንታ ክሪስቶፎሬቲ የመጀመሪያውን ጠጣች። ጣሊያን አይደሉ! አገር ሲይዙም ማሽናቸውን ይዘው ነው የሚመጡት።

«ጀበና ቢወስዱስ?» አለች።

በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ቆየን፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላም ብዙ ቀን አሰብኩበት። ጀበና ሙሉ በሙሉ የምድር ዕቃ ነው። ከታች ሲሞቅ የሞቀው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል፤ እየተገላበጠ ይፈላል። ክብደት በሌለበት ጣቢያ ግን የሞቀው ውሃ ወዴት ይውጣ? ላይ የለ፣ ታች የለ። ከእሳቱ በኩል ያለው ብቻውን ይግላል፣ ሌላው ቀዝቅዞ ይቀራል። እንፋሎቱም አይወጣም፤ አረፋዎቹ ተሰብስበው አንድ ትልቅ አረፋ ይሆኑና እዚያው ይቀመጣሉ። ፈልቷል ብለን እናውጣው። አተላው አይዘቅጥም። እማዬ ጀበናውን ዘንበል አድርጋ የምታሳርፋት ያቺ ትዕግሥት እዚያ ዋጋ የላትም። ብትቀዳውም አይወርድም። በግድ ቢወጣ ድቡልቡል ሆኖ በአየር ላይ ይንሳፈፋል።

ከሰሉም አይሆንም። የሞቀው አየር ወደ ላይ ካልሸሸ አዲስ አየር አይገባም። የሻማ ነበልባል እዚያ ክብና ሰማያዊ ይሆናል፣ ፈዛዛ። ዕጣኑ ቢጨስ ጢሱ አይወጣም፣ የገል ማጨሻውን ከቦ ይቆማል። ፈንዲሻውን ተዉት። የእህቴ ልጅ ፈንዲሻው ክፍሉን ሲሞላ እያሰበች ወደቀች በሳቅ።

ጠረኑ ደግሞ ከሁሉ ያሳዝናል። ክብደት ሲጠፋ የሰውነት ፈሳሽ ወደ ራስ ይሸሻል። ፊት ያብጣል፣ አፍንጫ ይታፈናል። ጉንፋን እንደያዘው ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ጠፈርተኞች ምግቡ ሁሉ አልጫ ስለሚሆንባቸው ቃሪያና ስጎ ያበዛሉ። ቡና ተቆልቶ ጢሱ ሲዞር አፍንጫህ ታፍኖ መቀመጥን አስበው። እማዬ «እንግዲህ ምን ሊሠሩ ሄዱ» ያለችው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሰው ግን መላ አግኝቷል፤ ዶን ፔቲት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. እዚያው ጠፈር ላይ እያለ ከሥራ መመሪያው ላይ አንድ የፕላስቲክ ገጽ ቀዶ አጠፈውና ስኒ ሠራ። አንዱ ጎኑ እንደ ወፍ አፍ ሾጠጥ ያለ ነው። ቡናው በዚያ ጠባብ ማዕዘን በኩል ራሱ እየተሳበ ከንፈር ድረስ ይመጣል፤ የኩራዝ ክር ጋዙን ስቦ እንደሚያወጣው። ከዚያ ወዲህ በደንብ ተሠርቶ ተላከ። እኔ ለዚህ ሰው ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ሱቄ ውስጥ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ባገኝ ደመወዙን በየሳምንቱ እከፍለው ነበር።

ውሃውስ? አትጠይቁ። ጠይቀዋል ግን። ላቡም፣ ትንፋሹም፣ ሽንቱም ተጣርቶ ተመልሶ ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ከሚጠቀሙት ውሃ 98 በመቶውን መልሰው ማጣራት ችለዋል። የትናንቱ ቡና የነገ ቡና ይሆናል ብለው ይቀልዳሉ። እማዬ ስኒዋን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ስለ ውሃ ማውራት ተከለከለ።

ይህ ጣቢያ ግን ሩቅ አይደለም። ከአናታችን በላይ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ከጅማ አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ወደ ላይ ቢሆን ኖሮ ጠፈር ማለት አዲስ አበባ ደርሶ ጥቂት ማለፍ ነበር። አንዳንድ ቀን ማታ ጀንበር እንደገባች ከኮቺ ሰፈር በላይ ብልጭ ሳይል፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚያልፍ ብሩህ ነገር ታያላችሁ። እሱ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት አውቶቡስ ተሳፍሮ ቀኑን ሙሉ የሚንገላታ ሰው ባይሰማ ይሻላል፤ ጣቢያው የጅማን ሰማይ ከአዲስ አበባ ሰማይ የሚያገናኘውን አየር ከ40 ሰከንድ ባነሰ ይጨርሰዋል። ምድርን በ90 ደቂቃ ይዞራታል። በ24 ሰዓት ውስጥ ፀሐይ 16 ጊዜ ትወጣለታለች፣ 16 ጊዜ ትጠልቅለታለች።

ሐጂ ወዲያው ያዙት። «ሙስሊም ቢሄድ እንዴት ይሰግዳል? በ16 ፈጅር?»

ተጠይቆ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ማሌዢያዊው ሼክ ሙስዛፋር የሄደው በረመዳን ነበር። የአገሩ ዑለማዎች ቀድመው ተቀምጠው መከሩና መመሪያ ጻፉለት። ሶላቱ 5 ነው፤ ሰዓቱም መንኮራኩሩ በተነሳበት አገር ሰዓት ይቆጠራል። ቂብላውን በቻለው መጠን ይዙር። ጾሙን ከተመለሰ በኋላ ማውጣት ይችላል። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ዓሊሞች ናቸው» አሉ። ከኮከቡ ይልቅ ይሄ ነው ያረካቸው።

እኔን ግን ከጠፈር ታሪክ ሁሉ አንጀቴን የሚበላኝ ቮየጀር የሚባለው መንኮራኩር ነው። የሙያ ነገር ይሆናል። ቮየጀር 1 የተነሳው እ.ኤ.አ. መስከረም 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። በእኛ ነሐሴ 30 ቀን 1969፣ የጳጉሜን ዋዜማ። ዛሬ ከ25 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይገኛል፤ ሰው ከሠራው ነገር ሁሉ ሩቁ እሱ ነው። ድምፁን የሚልክበት ራዲዮ ጉልበት 23 ዋት ነው። ፍሪጅ ውስጥ እንደምትበራዋ ትንሽ አምፖል ማለት ነው። የሦስት ኮምፒውተሮቹ ማስታወሻ ተደምሮ 70 ኪሎባይት አይሞላም። እኔ ጋ የሚመጣው ተራ ፎቶ በሜጋባይት ነው።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ዓ.ም. ታመመ። መላክ አላቆመም፤ የሚልከው ግን ትርጉም የሌለው የአንድና የዜሮ ድግግሞሽ ሆነ። እንዲህ ያለ ስልክ በየቀኑ ይመጣልኛል። ይበራል፣ አርማው ላይ ይቆማል። ፈትቼ፣ በቴስተር ለክቼ፣ የተቃጠለውን አይሲ ነቅዬ እቀይራለሁ። የላኩት የናሳ መሐንዲሶች ግን ምን ይንቀሉ? አንድ ጥያቄ ልከው መልሱን ለመስማት ወደ ሁለት ቀን ይጠብቃሉ፤ ብርሃን ለመሄድ ብቻ 22 ሰዓት ተኩል ይፈጅበት ነበር። ወራት ፈጅተው አንዲት ቺፕ መሞቷን አወቁ። ቺፗ ላይ የነበረውን ፕሮግራም ወደ ሌላ ቦታ እናዛውር አሉ። ሁሉን የሚይዝ ባዶ ቦታ ግን አልነበረም። ቆራረጡት። ጥቂቱን እዚህ፣ ጥቂቱን እዚያ ሸጎጡት፤ አንዱ ሌላውን እንዲያገኝ አድራሻውን አስተካከሉ። በሚያዝያ 2024 ዓ.ም. ላኩት፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደህና ነኝ አለ። ይህን ባነበብኩ ዕለት «ቦርዱ ሞቷል» ብዬ የመለስኩትን አንድ ስልክ ባለቤቱን ጠርቼ እንደገና ተቀበልኩት። አልሠራም። መሞከሬ ግን ጥሩ ነበር።

ቮየጀር ላይ አንድ ቅሬታም አለኝ። ምናልባት የሚያገኘው ፍጡር ቢኖር ተብሎ በወርቅ የተለበጠ የድምፅ ሸክላ ተጭኖበታል። በ55 ቋንቋ ሰላምታ ተቀርጾበታል። ተናጋሪያቸው ካለቀ ሺህ ዓመታት ያለፋቸው ሱመርኛና አካድኛ አሉበት። ከአፍሪካ ሉጋንዳና ሶቶ አሉ። አማርኛ የለም። ኦሮምኛም የለም። ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አንብቤያለሁ። ተሟግቼ የማሸንፈው ነገር አይደለም፤ ሸክላው ሄዷል፣ አይመለስም። ግን እዚህ አገር እንግዳ በር ላይ ሲቆም መጀመሪያ የሚወጣው ቃል ሰላም ነው፤ ያቺ ቃል መቅረቷ ቆጨኝ።

ቁጭቴ ያለቀው ጥቅምት 21 ቀን 2016 በሆነው ነገር ነው። በአፋር የተገኘችውን ድንቅነሽን ፈረንጆቹ ሉሲ እንደሚሏት ታውቃላችሁ። በስሟ ሉሲ የተባለች መንኮራኩር ጁፒተር ፀሐይን በምትዞርበት መንገድ ላይ ወዳሉ ድንጋዮች ተልካለች። መንገዷ ላይ ስም ያልነበረው ትንሽ አስትሮይድ ነበር፤ ስፋቱ 1 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ድንቅነሽ ብለው ሰየሙት፤ በአማርኛው፣ እንዳለ። ያን ቀን መንኮራኩሯ በአጠገቡ ስታልፍ ፎቶው ላይ ያልተጠበቀ ነገር ወጣ። ድንቅነሽ ጨረቃ አላት። ጨረቃዋ ደግሞ ተጣብቀው የቆሙ ሁለት ድንጋዮች ሆና ተገኘች። ስም ሲፈለግላት በዲኪካ ከተገኘችው ሕፃን ቅሪተ አካል ወሰዱ። ሰላም አሏት።

ሰላም። ሸክላው ላይ ያጣኋት ቃል ድንጋይ ሆና ፀሐይን ትዞራለች።

ይህን ሁሉ ሱቅ ውስጥ ሳወራ አንድ ደንበኛዬ አቋረጠኝ። «ወንድሜ፣ እዚህ መብራት ሳይኖር ጠፈር ምን ያደርግልናል?» አለ። የያዘው ስልክ ጂፒኤስ አልሠራ ብሎት ነበር የመጣው፤ ሹፌር ነው። ከራስህ ላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ወጥተው የሚዞሩ ሳተላይቶች ናቸው መንገድ የሚያሳዩህ አልኩት። የእነሱ ሰዓት ከእኛ ሰዓት በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይቀድማል፤ አንስታይን አስቀድሞ ያሰላው ነገር ነው። ባይታረም በአንድ ቀን ውስጥ ስልክህ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይሳሳት ነበር። ጣራ ላይ ያሉትን ዲሾችም አሳየሁት። ድሮ ወደ ምዕራብ ነበር የሚያዩት፤ አሁን ብዙዎቹ ወደ ምሥራቅ ዞረዋል። የሚያዩት 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ከምድር ጋር እኩል የሚዞረውን ሳተላይት ነው፤ ለዚህ ነው ዲሹን አንዴ ካሰሩት የማያንቀሳቅሱት።

ሰውዬው ግን አልተሸነፈም፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አላሸነፍኩም። የእኛዋ የመጀመሪያ ሳተላይት፣ 70 ኪሎ ገደማ የነበረችው፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና ነው የተወነጨፈችው። የቡናና የአቦል ስም ከታወጀ ከ3 ቀን በኋላ ማለት ነው። አቦልን ያገኘው ቴሌስኮፕም የእኛ አልነበረም። ስም አውጪዎች ነን እንጂ አግኚዎች አይደለንም። ስም ማውጣት ለክርስትና እናት ይበቃል፤ ወላጅ ግን ሌላ ሥራ አለበት። ጂፒኤሱ የሚያስቸግረው በአንቴናው ነበር። ጠግኜ ሰጠሁት፤ የሸገርን መንገድ ያዘ።

ኮከቡን የማየት ሐሳብ ያመጣችው የእህቴ ልጅ ናት። ቦዬ ረግረግ እየሄደ ወፍና ጉማሬ ከሚያይ ጓደኛዬ ባይኖኩላር ተዋስኩ። ቡና በባዶ ዓይን አይታይም፤ በጥቂት ነው ያመለጠው። ግን አድራሻው ቀላል ነው። በታኅሣሥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊትን ወደ ሰሜን ማዞር፣ ከአድማሱ ከግማሽ በላይ ቀና ማለት። አልማክ የሚባል አንድ ብሩህ ኮከብ አለ። በስተቀኙ፣ ክንድ ተዘርግቶ ከአንድ ጭብጥ ትንሽ በሚሰፋ ርቀት፣ አልጎል አለ። አልጎል ደግሞ ጉደኛ ነው፤ በየ3 ቀኑ ግድም ይፈዝዛል፣ ሌላ ኮከብ እየጋረደው። ቡና የሁለቱ መሐል ላይ ነው። ቡና በሚለቀምበት ወር ከጅማ በላይ ከፍ ብሎ መገኘቱን ማንም አስቦ አላደረገውም፤ እንዲሁ ገጠመ።

ሦስት ማታ ደመና ነበር። በአራተኛው መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ደስ ያለኝ በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ወደ ሰገነቱ ወጣን። እማዬም ጉልበቷን እየረገመች ተከተለችን። ባይኖኩላሩን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ለረጅም ጊዜ ፈለግሁ። መሐሉ ላይ ግን አንድ ነጥብ አልነበረም። የተጠጋጉ ሦስት ነጥቦች ነበሩ። ስልኬ ላይ ካለው ካርታ ጋር አስተያየሁ፤ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

እማዬ ተቀበለችኝ። «የቱ ነው?»

«ከሦስቱ አንዱ።»

ዝም ብላ አየች። ትንፋሿ መስታወቱን ሲያደበዝዘው በነጠላዋ ጠረገችው። የእህቴ ልጅ ተራዬን እያለች ክንዷን ትጎትታለች።

«አየሁ» አለች በመጨረሻ።

«የቱን?»

«ሦስቱንም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ።» ባይኖኩላሩን ለልጅቷ ሰጠቻትና ደረጃውን በእጇ እየዳሰሰች መውረድ ጀመረች።

«እማዬ፣ እነዚያ ከዋክብት ናቸው እንጂ ፕላኔት አይደሉም እኮ!» አልኳት ከላይ።

«ከሰሉ እየከሰመ ነው፤ ውረዱ» አለች።